«ዞረብኝ» ስትል ማን ሰማት? — ስለ ነፍሰ ጡር፣ ስለ ሆርሞንና ስለ ውስጠኛው ጆሮ ታሪክ

በአገራችን አንዲት ሴት መፀነሷ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሆዷ ከመግፋቱ በፊት ከአፏ በምትወጣ በአንዲት ቃል ነው። «ዞረብኝ» ትላለች። እናት ይህን ስትሰማ ፈገግ ትላለች፤ ጎረቤት ይጠረጥራል፤ ባል ውሃ ለማምጣት ይሯሯጣል። ከዚያ በኋላ ግን ቃሏን መልሶ የሚጠይቅ የለም። ምኗ ነው የዞረው? ራሷ ነው ወይስ ቤቱ? ስትነሣ ነው ወይስ በአልጋዋ ላይ ስትገላበጥ? ጆሮዋስ ይጮኻል? «ነፍሰ ጡር አይደለች እንዴ፤ ያዞራታል እንጂ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን እንጂ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም። ታዲያ ይህን ርእስ ለምን አነሣችሁ የሚለን ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ይህ ነገር ከሐኪሙ ቤት በፊት የታሪክና የቋንቋ ጉዳይ ነው። የሴት መዞር ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የሰው ልጅ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ልዩ ልዩ መልስ ሲሰጥ ኖሯል። መልሶቹን ተራ በተራ ስንመረምራቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል። እውቀት አንድ እርምጃ ወደፊት የሄደው አንድ ሰው ታማሚዋን ከልቡ ሲሰማትና የሰማውንም ሲለካ ነው። መስማት ብቻውን አልበቃም፤ መለካት ብቻውንም አልበቃም። ከዚህ ቀጥለን ለማሳየት የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

፩. በረቱና መንገዱ

ብዙዎቻችን ቤት ተከራይተን የምንኖረው በላምበረት አካባቢ ነው። ላምበረት ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን ስሙ ራሱ እንደሚናገረው የላም በረት ነው። ዛሬ ግን በረቱን የሞላው አውቶቡስ ነው። ከመናኸሪያው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ አቅጣጫ የሚሄዱ መኪኖች ገና ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ። ከተሳፋሪዎቹም መካከል ነፍሰ ጡሮች አይጠፉም። የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት ሄዳ መውለዷ በብዙ የአገራችን ክፍል የቆየ ልማድ ነውና።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳና ብርድ ነው። ከዚያ ወዲያ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጣርማ በር ይመጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ እዚህ ነው። ዋሻው እንዳለፈ መኪናው እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ረዳቱ ፌስታል የሚያድለው እዚህ ላይ ነው። አንዷ ሎሚ ታሸታለች፤ ሌላዋ ዝንጅብል ታኝካለች፤ ጭልጥ ብላ ዓይኗን የጨፈነችም አለች። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ከሁሉም ይብስባታል።

ለምን? በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ፣ ከመስሚያው ክፍል አጠገብ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቧንቧዎች አሉ። ራሳችን በዞረ ቁጥር ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ወደ የት እንደዞርን ለአንጎል ይነግራል። ከእነርሱ ሥር ደግሞ ደቃቅ የኖራ ጠጠሮች የተነጠፉባቸው ሁለት ከረጢቶች አሉ፤ እነዚህ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ፊት መሄዳችንን ይለካሉ። በጣርማ በር ጠመዝማዛ ላይ ጆሮ «እየዞርን ነው» ይላል፤ ከፊት ለፊት ያለውን ወንበር ብቻ የሚያየው ዓይን ደግሞ «የለም፣ ቁጭ ብለናል» ይላል። የሁለቱ ምስክሮች ቃል ሲጋጭ ሆድ ይረበሻል። ይህን ያህሉን ዛሬ ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያነበው ይችላል። እዚህ ለመድረስ ግን ረጅም ጊዜ ፈጅቷል።

፪. ማኅፀን ትዞራለች የተባለበት ዘመን

የጥንት ግሪኮች የሴትን መታፈን፣ መውደቅና ራስ ማዞር ያመካኙት በማኅፀኗ ነው። ማኅፀን እንደ እንስሳ በሰውነት ውስጥ ትዞራለች፣ ወደ ላይም ወጥታ ደረትን ታፍናለች ብለው ያምኑ ነበር። «ሂስቴሪያ» የሚለው የበሽታ ስም የመጣው በግሪክኛ ማኅፀን ከሚለው ቃል ነው። ይህ ስም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በአውሮፓ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ኖሯል። ሴትዮዋ «ዞረብኝ» ስትል ሐኪሙ «ማኅፀንሽ ናት» ይላታል፤ ዘመኑ ሲለወጥ «ነርቭሽ ነው» ይላታል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሁለቱም መልሶች ጆሮዋን አልመረመሩም።

በእኛም አገር መልሱ ሌላ ቢሆንም መንገዱ ተመሳሳይ ነበር። ነፍሰ ጡርንና ሕፃንን ትገድላለች የምትባለው ውርዝልያ በሱስንዮስ ጸሎት ትረገማለች፤ ጸሎቱ በብራና ክታብ ተጽፎ ሴቲቱ ትይዘዋለች። ክታቡ ብዙ ጊዜ በባለቤቲቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር። ዛርም አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ባለቤቶችን ሲያጠና ነበር፤ በ1958ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል። ዛር የያዛት ሴት ራሷንና ደረቷን እያወዛወዘች «ጉሪ» ትላለች። ከሰውነት አሠራር አንጻር ያየነው እንደሆነ እንዲህ ያለው ውዝዋዜ የጆሮን ቀለበቶች ክፉኛ የሚያናውጥ ነው። ሆኖም ይህን ስንል ዛርን በጆሮ ብቻ እንፈታዋለን ማለታችን አይደለም፤ እንዲያ ብንል ሁሉን ነገር በማኅፀን ከፈቱት ግሪኮች አንሻልም። በዛር ቤት አንድ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሴቲቱ ትሰማለች፤ ሰው ከቧት ቁጭ ብሎ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ይላታል። የጎደለው መለካቱ ነው።

የቆየ ስም አዲስ እውቀት ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳየን ግሩም ምሳሌ ሾተላይ ነው። ሾተላይ የሴትን ልጆች ተራ በተራ የሚነጥቅ ክፉ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ላንድስታይነርና ዊነር «አር ኤች» የሚባለውን የደም ልዩነት ገለጹ፤ በ1968 የመከላከያ መርፌው ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም እናትን «ሾተላይ አለብሽ» ሲላት ስለ ደም ዓይነት መናገሩ ነው። ስሙ የድሮ፣ ትርጉሙ አዲስ፤ እናቲቱም ትረዳዋለች። ታዲያ «ዞረብኝ» የሚለው ቃል እንዲህ ያለ ዕድል ለምን አላገኘም?

፫. በሠረገላ የተሳፈረችው ልጅ

አሁን ወደ ፓሪስ እንሂድ። ፕሮስፔር ሜንየር እ.ኤ.አ. በ1799 የተወለደ ሐኪም ነው። ስሙ ዛሬ የጆሮ በሽታ መጠሪያ ሆኖ ይታወቅ እንጂ ከዚያ ቀደም ሲል ከእርግዝና ጋር የተያያዘ አንድ አስገራሚ ሥራ ተሰጥቶት ነበር። በ1833 የቤሪ ዱቼስ የምትባለው ልዕልት መንግሥት ለመገልበጥ ሞክራ በብላይ ምሽግ ታስራለች። ባሏ ከተገደለ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እርሷ ግን አርግዛለች። መንግሥት እርግዝናዋን አጋልጦ ስሟን ለማጥፋት ፈልጎ ሐኪም ይልካል። የተላከው ሜንየር ነው። በእስር ቤት ተቀምጦ የነፍሰ ጡሯን ሁኔታ በየቀኑ ይመዘግብ ነበር፤ ማስታወሻውም ከሞተ በኋላ በ1882 ታተመ። በዚያ ጊዜ የሐኪም ጆሮ የተፈለገው እርሷን ለመርዳት ሳይሆን ለመሰለል ነበር። ይህንን ልብ በሉልን።

ሜንየር ከ1838 ጀምሮ በፓሪስ የመስማት የተሳናቸው ተቋም ሐኪም ሆኖ ሠራ። በዚያ ዘመን ድንገት ዞሮበት፣ አስመልሶት የወደቀ ሰው «ደም አንጎሉን ሞልቶታል» ይባል ነበር። መድኃኒቱም ደም ማፍሰስ፣ አልቅት መለጠፍና ማስቀመጥ ነው። ሜንየር ግን የታማሚዎቹን አንድ ቃል ደጋግሞ ሰማ። ሰዎቹ ከመዞሩ ጋር «ጆሮዬ ይጮኻል፤ መስማትም ቀንሶብኛል» ይላሉ። አንጎል ከሆነ ጆሮ ምን አገባው?

ጥር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1861፣ ይህን ሐሳቡን ለፈረንሳይ የሕክምና አካዳሚ አቀረበ። ከማስረጃዎቹ አንዷ ከብዙ ዓመት በፊት ያያት አንዲት ወጣት ናት። ልጅቱ በክረምት ሌሊት፣ በሠረገላ ጣሪያ ላይ ተቀምጣ፣ በወር አበባዋ ሰሞን ስትጓዝ ኃይለኛ ብርድ ይመታታል። ወዲያው ደነቆረች፤ ለመንቀሳቀስ በሞከረች ቁጥር ይዞርባታል፤ ታስመልሳለች። በአምስተኛው ቀን ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር አንጎሏ ጤነኛ ነው፤ የጆሮዋ ቀለበቶች ግን በቀላ ነገር ተሞልተው ተገኙ። ከዚያ ቀደም ፍሉራንስ የተባለው የአገሩ ሰው የርግቦችን የጆሮ ቀለበት ሲቆርጥ ርግቦቹ መሽከርከር እንደጀመሩ አሳይቶ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደርጋቸው የመዞር መነሻ ጆሮ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ።

የኋላ ዘመን ሊቃውንት ልጅቱን የገደላት የደም በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ ዛሬ በሜንየር ስም የሚጠራው ሕመምም አልነበረባትም ይላሉ። እኛን የሚገርመን ሌላ ነው። ሐኪሙ የወር አበባዋን ሰሞን በመዝገቡ ጽፎታል። ምን ለማለት እንደሆነ አላብራራም፤ ሊያብራራም አይችልም ነበር፤ ሆርሞን የሚለው ቃል ገና አልተፈጠረም። መጻፉ ግን መልካም ሆነ። የሰማውን ሁሉ የጻፈ ሰው፣ እርሱ ያልገባውን ለሚቀጥለው ትውልድ ያስረክባል። ሜንየር በዓመቱ፣ በ1862፣ ሐሳቡ ተቀባይነት ሲያገኝ ሳያይ ሞተ።

፬. ውሃው ቀዝቅዟል ያለው ሰው

ቀጥሎ ያለው ታሪክ የቪየና ነው። ሮበርት ባራኒ የተባለ ወጣት ሐኪም የታማሚዎችን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ ብዙዎቹ «ዞረብኝ» ይሉታል። ዓይናቸውንም ሲያይ ወደ ጎን እየተርገፈገፈ ነው። አንድ ቀን አንድ ታማሚ «የሚዞርብኝ ውሃው ሲቀዘቅዝ ነው» ይለዋል። ባራኒ ውሃው እንዲሞቅ ያዛል፤ አሁን ደግሞ ከመጠን በላይ ሞቀና ሰውየው እንደገና ዞረበት። ዓይኑ ግን በዚህ ጊዜ የተርገፈገፈው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው! ባራኒ ምሥጢሩ ወዲያው ገባው። ሙቀትና ቅዝቃዜ በቀለበቱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በተለያየ አቅጣጫ ያንቀሳቅሱታል ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ የሚሠራበት የጆሮ ምርመራ ተገኘ። ባራኒ የ1914ን የኖቤል ሽልማት ማግኘቱን የሰማው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ በሩሲያ እስረኛ ሳለ ነበር።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስም በዚህ ጉዳይ እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1882 መስማት የተሳናቸውን 519 ሰዎች አሽከርክሮ ሲጠይቅ 186ቱ ጭራሽ አልዞረባቸውም። ከሃርቫርድ ተማሪዎችና መምህራን ወደ 200 የሚጠጉትን ሲያሽከረክር ግን ያልዞረበት አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ የፍልስፍና ሰው ይህን ከጠየቀ እኛም ብንጠይቅ ነውር የለብንም።

፭. ትራም የተሳፈረችው ነፍሰ ጡር

አሁን ወደ ዋናዋ ባለታሪክ ደረስን። ስሟን ታሪክ አልመዘገበውም። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ቆዳዋን እያሳከካት ለሕክምና ትመጣለች። ጌይና ካርላይነር የተባሉት ሐኪሞች አዲስ የማሳከክ መድኃኒት ይሰጧታል። በሌላ ቀን ስትመለስ ሴትዮዋ ያልተጠየቀችውን ትናገራለች። ዕድሜዋን ሙሉ ትራም በተሳፈረች ቁጥር ያጥወለውላት ነበር፤ ይህን ክኒን ውጣ ስትሳፈር ግን ምንም አልሆነችም።

ሐኪሞቹ «ጉዳያችን የቆዳሽ ነው» ብለው ሊያልፏት ይችሉ ነበር፤ አላለፏትም። ወሬዋን ሰምተው ብቻም አልተቀመጡ፤ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ሰጧት። ሕመሙ ተመለሰ። እውነተኛውን ሲመልሱላት ቀረ። በኅዳር 1948 ጄኔራል ባሉ በምትባል መርከብ ከኒው ዮርክ ወደ ጀርመን ብሬመርሃቨን በሚሻገሩ ወታደሮች ላይ በብዛት ተሞከረና ውጤቱ በ1949 ታተመ። መድኃኒቱ ድራማሚን ነው። በየመናኸሪያው አጠገብ ባለ ፋርማሲ «ለመኪና የሚሆን ክኒን» ስትሉ የሚሰጧችሁ ዓይነት መድኃኒት ታሪኩ ከዚች ሴት ይጀምራል። በላምበረት ተሳፍሮ ጣርማ በርን በሰላም የወረደ ሰው ሁሉ ለአንዲት ስም የለሽ ነፍሰ ጡር ባለ ዕዳ ነው ብንል ግነት አይሆንብንም።

ይሁን እንጂ የዚያው ዘመን ሌላ ክኒን ተቃራኒውን አስተማረ። ታሊዶማይድ እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን ገበያ ላይ ሲወጣ ለነፍሰ ጡሮች የጠዋት ማቅለሽለሽ ጭምር ይሰጥ ነበር። የእናቶቹን ሕመም ሰምተዋል፤ መድኃኒቱ በጽንስ ላይ የሚያደርሰውን ግን አልለኩም። በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በዓለም ላይ ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት እጅ እግራቸው ተጎድቶ ተወለዱ። ነፍሰ ጡር ሴት ማንኛውንም ክኒን፣ የመኪናውንም ቢሆን፣ ሐኪም ሳትጠይቅ አትዋጥ የሚባለው ከዚህ መራራ ትምህርት በኋላ ነው።

፮. የሚደርቀው እርካብ

በመሐል ጆሮ ውስጥ እርካብ የምትመስል፣ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ የምታንስ አጥንት አለች። በአንዳንድ ሰው ይህች እርካብ እየደረቀች ትጣበቅና መስማት ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ያዞራል። የቪየናው ፖሊትዘር በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1893 በሚገባ ገለጸው። ከሴቶች ብዙዎቹ «ከወለድሁ በኋላ ባሰብኝ» ይሉ ስለ ነበር ሐኪሞች እርግዝና ያባብሰዋል ብለው ደመደሙ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይህ ሕመም ያለባት ሴት ልጅ ባትወልድ ይሻላል ተብላ ተመክራለች።

እዚህ ላይ ሴቶቹ ተሰምተዋል፤ ግን ማን ለካ? ሕመሙ በባሕርዩ የሚብሰው በልጅ መውለጃ ዕድሜ ነው፤ የምትወልደውም ያልወለደችውም ይብስባታል። በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የወለዱትንና ያልወለዱትን ታማሚዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነጻጽር፣ መውለድ በመስማታቸው ላይ ያመጣው ልዩነት አልተገኘም። ባልተለካ ነገር የተነሣ ስንት ሴት ሳትወልድ ቀርታ ይሆን? ለዚህ ነው መስማትና መለካት አብረው ይሂዱ የምንለው።

፯. ሆርሞን ምን ያደርጋል?

«ሆርሞን» የሚለውን ቃል እንግሊዛዊው ስታርሊንግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ኤስትሮጅን በ1929፣ ፕሮጄስትሮን በ1934 ተለይተው ታወቁ። በእርግዝና ጊዜ ሁለቱም በእጅጉ ይጨምራሉ። ታዲያ ከጆሮ ጋር ምን አገናኛቸው? በ2001 የስዊድን ተመራማሪዎች በሰው ውስጠኛ ጆሮ ውስጥ የኤስትሮጅን ተቀባዮች እንዳሉ አሳዩ። ተቀባይ ማለት በር ማለት ነው፤ በር ካለ የሚገባ እንግዳ አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በአጭሩ እንዘርዝር። አንደኛ፣ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት የእናቲቱ ደም ትንሽ ይቀጥናል፤ ጨውና ውሃው የሚመጣጠንበት ልክ ዝቅ ይላል። የሜንየር ሕመም ደግሞ በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ ሲበዛ የሚታይ መሆኑ ከ1938 ጀምሮ ይታወቃል። በ1997 ጃፓናውያን ሐኪሞች ባሳተሙት ዘገባ ይህ ሕመም ያለባት አንዲት ነፍሰ ጡር ዙሩ የበዛባት የደሟ ልክ ዝቅ ባለበት በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ በኋላ ቀለል አላት። ሁለተኛ፣ የማይግሬን ራስ ምታት አንዳንድ ጊዜ ከመዞር ጋር ይመጣል። ይህ ኤስትሮጅን ከፍና ዝቅ ሲል የሚነሣ ስለሆነ፣ ብዙ ሴቶች በእርግዝና አጋማሽ ይሻላቸውና ከወለዱ በኋላ ይመለስባቸዋል። ሦስተኛ፣ የኖራ ጠጠሮቹ ከቦታቸው ተነቅለው ወደ ቀለበቶቹ ሲገቡ፣ በአልጋ ላይ ዞር ባሉ ቁጥር ዓለም ለጥቂት ሰኮንድ ይሽከረከራል። ይህ ከወንድ ይልቅ በሴት፣ በተለይም የወር አበባ ካቆመ በኋላ ይበዛል፤ በነፍሰ ጡሮችም ላይ ታይቷል። አራተኛ፣ አንዳንድ ነፍሰ ጡሮች ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቧንቧ ይከፈትባቸውና የራሳቸው ድምፅ በጆሯቸው ውስጥ ይጮኽባቸዋል።

ማቅለሽለሹስ? እዚህ ላይ የሕክምና ታሪክ የሚያሳፍር ገጽ አለው። በሃያኛው መቶ ዓመት ውስጥ ከመጠን በላይ የሚያስመልሳቸውን ነፍሰ ጡሮች «ልጁን ስለማትፈልጊው ነው» የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሂስቴሪያ በሌላ ልብስ ማለት ነው። ማርሌና ፌጆ የተባለች አሜሪካዊት የዘር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 በዚሁ ሕመም ከአልጋ መነሣት እስኪያቅታት ድረስ ታመመች። ሐኪሟ ትኩረት ፈልጋ ነው አላት። ጽንሱ ሞተ። እርሷ ግን ሥራዬ ብላ ያዘችው። በ2018 ከባልደረቦቿ ጋር ፍንጩን አገኘች፤ በ2023 መጨረሻ በታተመው ጥናትም ከእንግዴ ልጅ የሚወጣ «ጂዲኤፍ 15» የሚባል ሆርሞን ዋናው ምክንያት እንደሆነ ታየ። ሆርሞኑ የሚሠራው በአንጎል ግንድ ላይ ነው፤ ከጆሮ የሚመጣው የሚዛን ወሬም የሚደርሰው ወደዚያው ሰፈር ነው። ማንም ያልሰማት ታማሚ ራሷ ሰሚም ለኪም ሆነች።

፰. ወደ ላምበረት ስንመለስ

በአገራችን የጆሮ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ከእነርሱም የሚበዙት በአዲስ አበባ ናቸው። ይህ እውነት ቢሆንም ሁሉ ነገር ልዩ ሐኪምና መሣሪያ ይጠይቃል ማለት አይደለም። ከጠጠር መነቀል የሚመጣው መዞር እ.ኤ.አ. በ1952 በዲክስና በሆልፓይክ በተገለጸው ዘዴ በአልጋ ላይ ይመረመራል፤ ኤፕሊ የተባለው ሐኪም በ1980 ባቀረበው ዘዴም የታማሚዋን ራስ በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዞር ጠጠሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ባልደረቦቹ ለብዙ ጊዜ አላመኑትም ነበር። ዘዴው አልጋና የሠለጠነ ሁለት እጅ እንጂ ክኒን አይፈልግም፤ ለነፍሰ ጡር የሚስማማውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የነፍሰ ጡር መዞር ሁሉ የጆሮ አለመሆኑን አጥብቀን እንናገራለን። ደም ማነስ ያዞራል፤ ምግብ ሳይቀምሱ መዋል ያዞራል፤ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ዝቅ ስለሚል ብድግ ሲሉ ያዞራል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባ መተኛትም ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ያዞራል። ከአምስተኛው ወር በኋላ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የፊት እብጠት ከተጨመረበት ደግሞ የደም ግፊት መጨመር ሊሆን ይችላልና ይህ እናትንም ልጅንም የሚገድል ነው። በጤና ጣቢያ ግፊት መለካትና የደም ማነስን መመርመር ቀላል ሥራ ነው። «ያዞራታል እንጂ» ተብላ ቤት የምትቀር ሴት የምታጣው ይህን ነው።

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች በዚህ ነገር የምናዋጣው አለን። አማርኛችን በዚህ በኩል ሀብታም ነው። «ዞረብኝ» ቤቱ ሲሽከረከር ነው፤ ይህ ወደ ጆሮ ያመለክታል። «ዓይኔ ጨለመብኝ» ሰው ከመውደቁ በፊት የሚለው ነው፤ ይህ ወደ ደምና ግፊት ይወስዳል። «አጥወለወለኝ» የሆድና የጉዞ ነው። «ተንገዳገድሁ» የሚዛን ነው። «ጭው አለብኝ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይገርማል። ጆሮም ጭው ይላል፤ ገደልም ጭው ያለ ይባላል። የጆሮን ጩኸትና በገደል አፋፍ የመቆምን ስሜት በአንድ ቃል ያሰረው ሕዝብ ሜንየር በ1861 ከታማሚዎቹ የሰማውን ነገር ያለ አካዳሚ ሰምቶታል ማለት ነው። በካርድ ላይ ሲጻፍ ግን አምስቱም ቃላት «ራስ ማዞር» ተብለው አንድ ይሆናሉ። ሴቲቱ አምስት ነገር ለይታ ተናገረች፤ የጻፈው ሰው አራቱን ጣለ።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ነገ ነርስ የምታገባ፣ ሐኪም የሚሆን ጓደኛ ያለው፣ ነፍሰ ጡር እኅቱን ከላምበረት የሚሸኝ ይኖራል። ቃሏን ስትሰሙ አትዝጉት። «እኅቴ፣ ምኑ ነው የዞረው? አንቺ ነሽ ወይስ ቤቱ? ስትነሺ ነው ወይስ ስትገላበጪ? ጆሮሽስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሷን እንዳለ ያዙና ወደሚለካበት ቦታ አድርሷት። መኪና ውስጥም ከሆነች የፊት ወንበር ልቀቁላትና መንገዱን ታይ፤ ያን ጊዜ ዓይኗና ጆሮዋ አንድ ቃል ይመሰክራሉ። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።